ሆድ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና፣ ሜላቶኒን እና የሕመም ማስታገሻ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። "ሆድ ካሳነሱ በኋላ ሜላቶኒን የወሰደ ሰው ማስታገሻ አያስፈልገውም" የሚል ወሬ ሰሞኑን በዝቷል። ሆድ ማሳነስ ስል ለውፍረት ጨጓራን የሚያሳንሰውን ቀዶ ጥገና ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የማደንዘዣ ነርስ ነኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ። መድኃኒት ግን አላዝም።

ሰናይት፦ ሲስተር፣ ወሬው እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ። ሜላቶኒን ሲጨልም አንጎላችን የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ጣሪያ ይነካል። ቀዶ ጥገና በተደረገበት ሌሊት ግን ሥርዓቱ ይዛባል። መብራቱ አለ፣ ሕመሙ አለ፣ ገና ሸለብ ሲያደርግሽ ግፊት ልለካ ብላ የምትቀሰቅስ እንደ እኔ ያለች ነርስ አለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሕመም ይበረታበታል። ስለዚህ ነገሩ መነሻ አለው።

እስራኤል ውስጥ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሆድ ለሚያሳንሱ ሰዎች ከቀዶ ጥገናው በፊት 5 ሚሊግራም ተሰጣቸው። ማገገማቸው ተሻለ፣ ሕመማቸውም ቀለል አለ። ግን ጥናቱ ትንሽ ነው። በሌሎች ቀዶ ጥገናዎች የተሞከረውም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ደግሞ ልብ በሉ፦ የተሰጠው አስቀድሞ፣ በሐኪም እጅ ነው። ቤት ገብቶ የታዘዘውን ማስታገሻ ጥሎ ሜላቶኒን መዋጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

አቤል፦ ስንት ሚሊግራም ልውሰድ?

መልስ፦ አልነግርህም። የሠራህን ሐኪም ጠይቅ።

የዱባይዋ፦ እህቴ፣ አድቪል (አይቡፕሮፌን) ይሻላል ወይስ ዳይክሎፌናክ?

መልስ፦ ሁለቱም ይቅሩብሽ። በተለይ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ የሚያገናኘውን) የሠራ ሰው ጨጓራና አንጀቱ የተሰፉበት ቦታ ላይ ቁስለት ያወጣበታል። መነሻው ፓራሲታሞል ነው፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳያልፍ። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስላለ አብራችሁ ቁጠሩት።

ዮናስ፦ ለእኔ ኮዴይን ያለበት ነው የታዘዘልኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኮዴይን በራሱ ብዙም አይሠራም። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። አንዳንዱ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ ስላለው ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ይወጣበታል። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያውያኑ 29 ከመቶው ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። ሰሜን አውሮፓውያን ላይ ግን ጥቂት ነው። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻም በዚሁ መንገድ ነው የሚበረታው። ቅጂው ያለው ሁሉ ይጎዳል እያልኩ አይደለም። ግን ሆድ የሚያሳንስ ሰው ብዙውን ጊዜ ያንኮራፋል፣ ተኝቶ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሞርፊን ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የምፈራው። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ፣ ውፍረት ወይም የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ያለባቸው ልጆች ኮዴይንንም ትራማዶልንም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። አንተ ሐኪምህን "ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ሌላ አማራጭ አለ?" በለው። ብዙዎቹ አያውቁትም። ሳትነግረው ግን በራስህ አትቀይር።

ሰናይት፦ የጋሚው (እንደ ከረሜላ የሚታኘከው) ሜላቶኒን ጾም ነው እንዴ?

ገብሬ፦ ብዙው ጄላቲን አለበት። ከእንስሳ ነው፣ ጾም አይደለም።

የዱባይዋ፦ ለሕመምተኛ ምን ጾም አለ? አታካብድ!

ገብሬ፦ ከረሜላ እየበሉ መድኃኒት ነው ማለት ደግሞ...

መልስ፦ እሱን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እኔን የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚሸጥ የሚቆጣጠረው የለም ማለት ይቻላል። በ2023 እ.ኤ.አ. 25 የጋሚ ዓይነቶች ሲመረመሩ የ22ቱ መጠን ላያቸው ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም። አውሮፓ አንዳንድ አገር ላይ ግን በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚሰጠው።

ማርታ፦ ሲስተር፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የት? ስንት ቀን ሆነሽ? እንዲህ እየጠየቃችሁ እንዴት ልመልስ! ትከሻሽን ከሆነ ለላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ለሚሠራው ቀዶ ጥገና) ሆድ የተነፋበት ጋዝ ሊሆን ይችላል፣ በቀናት ይለቃል። የሆድ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ልብሽ ቁጭ ብለሽም በኃይል ከመታ ግን ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። እዚህ መጻፉን ትተሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሄኖክ፦ ጀርመን ነኝ። ቀስ ብሎ የሚለቀውን ሜላቶኒን አዘዙልኝ። ፈጭቼ ልውሰደው?

መልስ፦ አይፈጭም። ከተፈጨ ሁሉንም በአንዴ ይለቃል። ባይፓስ ከሆንክ ደግሞ እንዲህ ያለው እንክብል በደንብ ላይሰርግ ስለሚችል ለፋርማሲስቱ ንገረው።

ቤቲ፦ ስንት ሚሊግራም ነው ታዲያ የሚወሰደው?

መልስ፦ ኧረ ከላይ አንብቡ! ሐኪም፣ ሐኪም፣ ሐኪም።

አቤል፦ እሺ የመጨረሻ። ሜላቶኒን ከወሰድኩ ማታ ማታ የትንፋሽ ማሽኔን ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። የታዘዘልህ ማስታገሻ ከሞርፊን ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ቀን ሸለብ ስታደርግም አድርገው። ሜላቶኒን መጨመርህንም ለሐኪሙ ንገረው፤ ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ።