ከመሥራታችሁ በፊት ጠጋኙን ፈልጉ

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዳንዶቹ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ አካባቢ የጽሞና ማረፊያ ለመሥራት እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁ። ሰው ከከተማ ወጥቶ ጥቂት ቀን በዝምታ የሚቀመጥበት፣ በድንጋይ፣ በጭቃና በሣር የሚሠራ ቦታ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው በግንባታ ላይ ስለሆነ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ቤቱ የጭቃ ስለሆነ ብቻ ዘላቂ አይሆንም። የጭቃ ቤት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ፕላን ከማውጣታችሁ በፊት «ይህን ቤት ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠግነው ማን ነው?» በሉ። መልሱ የዚያው ቀበሌ ገበሬና ግንበኛ ካልሆነ አትጀምሩት።

ማስረጃው እዚሁ ከተማችን መሐል አለ። የፋሲል ግቢ ግንቦች የቆሙት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ ግን ሥራው ወደ ኖራ ተመለሰ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ግን እርጥበት አያሳልፍም። ኖራ ያሳልፋል። የጭቃ ግድግዳ ላይማ ነገሩ ይብሳል። ቤቱ እንዲያምር ተብሎ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ውሃ ይዞ ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፣ ልስኑም እየተላጠ ይወድቃል። ግድግዳችሁን በጭቃ ምረጉት፣ ከላይ ኖራ ቀቡት። ሲሰነጠቅ የሰፈሩ ሰው በአንድ ቀን ይመርገዋል።

አፈሩን ሳታዩ ግን ምንም አትወስኑ። የደምቢያ ዋልካ፣ ያ ጥቁር አፈር፣ ለጤፍና ለሽምብራ በረከት ነው፣ ለግድግዳ ግን መከራ ነው፤ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መሠረትንም ያናውጣል። አፈር ለመለየት ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ግማሹን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና በጥብጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ይከተላል፣ ሸክላው ውሃውን ለረጅም ሰዓት ያደፈርሰዋል። ሸክላው ከበዛ አሸዋና የጤፍ ጭድ ጨምሩበት። ጭቃው ከተረገጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ይቦካ። ሽታው ሲለወጥ ለምርጊት ደርሷል። በዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ኢንጂነር በፊት በሰፈሩ ምርጊት የሚያውቁትን እናቶች ጠይቁ። ይህን የምለው ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ እውነትም ያውቁታል።

የድንጋዩ መሠረት ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የጣሪያው ጠርዝም ወደ ውጭ በደንብ ይውጣ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አይበዛም። ጭቃን የሚገድለው ከታች የሚረጭና ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። እንጨቱን ደግሞ በቀጥታ አፈር ውስጥ አትትከሉት፤ ምስጥ ይጨርሰዋል። ድንጋይ ላይ አሳርፉት።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ፤ ብዙ የምታስቡበት እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ግን ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድ ከቆርቆሮ በታች ሰው ከሰው አይደማመጥም። ለጽሞና የመጣ እንግዳ እዚያ ምን ይሠራል? ሣር ዝናቡን ዝም ያሰኘዋል፣ ቀን ከፀሐይ ሌሊት ከብርድ ይከልላል። ኮሶዬ ከጎንደር ከፍ ያለ ስለሆነ ብርዱ ቀላል አይደለም። ሣሩ እንዲቆይ ጣሪያው ተዳፋቱ የበዛ ይሁን፣ ወደ 45 ዲግሪ። ሌላም ነገር አለ። በገጠር ጎጆ ሣሩ ረጅም ዘመን የሚቆየው ከታች በየቀኑ እሳት ስለሚነድ ነው። ጭሱ ያደርቀዋል፣ ነፍሳትንም ያባርራል። እናንተ ጭስ የሌለበት ንጹሕ ክፍል ከሠራችሁ ሣሩ ቶሎ ይበሰብሳል። እንግዳ በሌለበት ቀን እሳት የሚያነድ ሰው መድቡ፣ ካልሆነም ክዳኑን ቶሎ ቶሎ ለመቀየር ተዘጋጁ። ጎጆዎቹንም አራርቁ፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ።

ሣሩ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በደንብ ሲደርቅ ነው። ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ። ለእናንተ ክዳን የሆነው ሣር ለገበሬው የከብት መኖ ነው። ሁሉንም በገንዘብ ገዝታችሁ ብትወስዱ በበጋ ከብቱ ምን ይበላል?

ወጥ ቤቱንና መጋዘኑን ግን በቆርቆሮ ክደኑ፤ ውሃ የምትሰበስቡት ከዚያ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 50,000 ሊትር ይሆናል። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ብዙ ነው። መጸዳጃውን ከምንጩ በታች፣ ርቆ ሥሩ። ምንጭ አጠገብም ባሕር ዛፍ አትትከሉ።

ስለ አቀማመጡ ከውጭ አገር ፎቶ አትቅዱ። ቤተ ክርስቲያኖቻችንን እዩ። ሰው መጀመሪያ በደጀ ሰላሙ ያልፋል፣ በወይራና በጽድ ጥላ ሥር ይሄዳል፣ ከዚያ ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ቅድስት፣ ከዚያ በኋላ ነው መቅደሱ። ግርግሩ በየደረጃው እየቀነሰ ይሄዳል። እናንተም መኪናውን ሩቅ አቁሙት። ስልክ የሚቀመጥበት ቦታ በሩ ላይ ይሁን። ቀጥሎ ወጥ ቤትና ጨዋታ፣ ቀጥሎ ዛፍ፣ መጨረሻ ላይ ዝምታ። የማሰቢያዋ ጎጆ ደግሞ ትንሽ ትሁን። የአብነት ተማሪ ዳዊቱን የሚያጠናባት ጎጆ ምን ታህላለች? አንድ መደብ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ በር ይበቃል። በሩን ነፋስ ከሚመጣበት ከገደሉ አዙሩት፣ የጠዋት ፀሐይ ትግባበት።

የሰፈሩ ሰው ወደ ምንጭ የሚወርድበትን መንገድ እንዳታጥሩ አደራ። ወደ ግጦሽ የሚሄደውንም እንዲሁ። ሰው በደቦ ሊያግዛችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ደቦ የሚመለስ ብድር ነው፤ እናንተ አጨዳ ላይ ወጥታችሁ ልትመልሱት ነው? ካልቻላችሁ የቀን ሥራውን በአግባቡ ክፈሉ። ሁለት ሦስት ወጣቶች ከግንበኛውና ክዳን ከሚከድነው አዛውንት ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይሥሩ፤ ቤቱን ወደፊት የሚይዙት እነሱ ናቸው። በሒሳባችሁም ላይ የጥገና ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ መስከረም ላይ ስንጥቅ ማየት፣ ጥር ላይ መመረግ፣ ግንቦት ላይ ክዳን መፈተሽ።

አሁን ፕላኑን ተዉትና ነሐሴ ላይ ቦታው ድረስ ሂዱ። ዝናብ ውስጥ ቁሙ፣ ጎርፉ የሚወርድበትን እያያችሁ ችካል ምቱ። ከዚያ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።