አብቦ የማያፈራው የፓሽን ፍሩት ሐረግ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ቢጫ ፓሽን ፍሩት ዘር አውጥቼ በግቢዬ ዘራሁ፤ ከበቀሉት ችግኞች ጠንካራውን አስቀርቼ ሌሎቹን ነቀልኳቸው። ሐረጉ አሁን አጥሩን አልፎ ቆርቆሮው ላይ ወጥቷል፤ አበባውም ብዙ ነው፤ ነገር ግን በማግስቱ ጠውልጎ ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም። ውሃ ጠምቶት እንዳይሆን ብዬ እኩለ ቀን ላይ በጎማ ከላይ እስከ ታች አርሰዋለሁ፤ ዩሪያም ጨምሬለታለሁ። ሐረር ያለችው እህቴ አንድ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሐረግ ብቻ ኖሯት በደንብ ስለሚያፈራላት የእኔን ነቅዬ የእሷን ዓይነት እንድተክል ትመክረኛለች። ልንቀለው ወይስ ልታገሠው?

መልስ፦ አይንቀሉት። በገለጹልን መሠረት ሐረግዎ የታመመ አይመስልም፤ የጎደለው ጓደኛ ነው። ቢጫው ፓሽን ፍሩት በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ ወንዴውንም ሴቴውንም ይዞ ቢወጣም የገዛ ራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ብናኙ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ቢሻገር እንኳ ሁለቱም አበቦች የአንድ ሐረግ ከሆኑ ፍሬ አይቋጠርም። ስለዚህ ትርፍ ናቸው ብለው የነቀሏቸው ችግኞች ለፍሬው የሚያስፈልጉት ነበሩ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ግቢው ሲጠብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ሜይፖፕ የሚባል ዱር በቀል ዘመድ አለው፤ እሱንም በጓሯቸው የሚተክሉ ሰዎች አንድ ሐረግ ብቻ ሲተክሉ የሚገጥማቸው ችግር ይኸው ነው።

የእህትዎ ሐረግ ብቻውን የሚያፈራው ወይን ጠጁ ዓይነት ባብዛኛው የራሱን ብናኝ ስለሚቀበል ነው። ሆኖም ሐረር ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላት ወይና ደጋ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ ወይን ጠጁ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ ቢጫው ግን ሙቀትን ይችላል። ወይን ጠጁን ለቢጫው ጓደኛ አድርጎ መትከልም አያዋጣም፤ የወይን ጠጁ አበባ ማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን አካባቢ ሲዘጋ የቢጫው ገና ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ መከፈት ይጀምራልና እምብዛም አይገናኙም።

የሚያስፈልግዎ ሌላ ቢጫ ሐረግ ነው። ከራስዎ ሐረግ ቆርጠው የሚተክሉት ቁራጭ ያው አንድ ተክል ስለሆነ አይረዳዎትም፤ ከአንድ ፍሬ የወጡ ዘሮችም አንዳንዴ አይስማሙም። ስለዚህ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬዎች ፈልገው ከእያንዳንዱ ጥቂት ዘር ይውሰዱ፤ ዝልግልጉን አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁና ሳይቆይ በፕላስቲክ ከረጢት ይዝሩት። ችግኙ አንድ ስንዝር ተኩል ሲሆን የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር ከነባሩ ሐረግ 3 ሜትር ያህል አርቀው ይትከሉት፤ ከዓመት ገደማ በኋላ ያብብልዎታል።

እስከዚያው ድረስ ፍሬ ለመቅመስ የሚያስችል ዘዴ አለ። ቢጫ ፓሽን ፍሩት ያለው ጎረቤት ካገኙ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ሁለት ሦስት የተከፈቱ አበቦች ለምነው ያምጡ። አበባውን ቀረብ ብለው ሲያዩት መሐሉ ላይ ከቆመው ምሰሶ አምስት ቢጫ ብናኝ የተሸከሙ ወንዴዎች ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ ጫፋቸው እንደ ምስማር ራስ የሆነ ሦስት ሴቴዎች አሉ። አበባው ሲከፈት ሴቴዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይቆማሉ፤ ጥቂት ቆይተው ጎንበስ ብለው ከወንዴዎቹ ጋር ይስተካከላሉ። ብናኝ የሚቀባው ያን ጊዜ ነው። ያመጡትን አበባ ብናኝ በጣትዎ ወይም በጥጥ አንሥተው ሦስቱንም የሴቴ ጫፎች በቀስታ ይንኳቸው። ሴቴዎቹ ሳይጎነበሱ ቀጥ ብለው በሚቀሩ አበቦች ላይ አይድከሙ፤ እነዚያ ፍሬ አይቋጥሩም። የተሳካለት አበባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሥሩ አረንጓዴ እንክብል ያወጣል።

ሁለተኛው ሐረግ ሲያብብ ይህን ሥራ ደረቅ እንጨት እየበሳ የሚኖረው ትልቁ ጥቁር ንብ ይረከብዎታል። ብናኙ ከባድና የሚያጣብቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ የማር ንብም ለዚህ አበባ ትንሽ ናት። ግቢዎ ውስጥ የተበሳ አሮጌ ግንድ ካለ ለማገዶ አይፍለጡት፤ በአበባ ጊዜም ፀረ ተባይ አይርጩ።

የእኩለ ቀኑን የጎማ ውሃ ግን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ። ብናኙ ውሃ ሲነካው ፈንድቶ ይበላሻል፤ አበባው በሚከፈትበት ሰዓት ከላይ ማርጠብ ደግሞ ጓደኛ ቢኖረውም ፍሬ ያሳጣዋል። ውሃው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ከሥር ብቻ ይሁን። የፓሽን ፍሩት ሥር ጥልቅ ስላልሆነ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት አፈሩ እንዳይደርቅ የማሽላ አገዳ ወይም ደረቅ ሣር ከሥሩ ያልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረው ነጭ ነገር አፈሩም ውስጥ ይከማቻል፤ ለጋ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ከሆነ ሐረጉ ከአፈሩ ብረት ማግኘት አቅቶታል ማለት ነው። ለዚህ ሁነኛው መፍትሔ ብስባሽ ደጋግሞ መጨመር ነው። የልብስ እጣቢ አያጠጡት።

ዩሪያውን ያቁሙ፤ ሲበዛ ቅጠል ያለመልማል እንጂ አበባን አይረዳም። ቆርቆሮውም አሳሳቢ ነው፤ በድሬዳዋ ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ የተኛ ለጋ ቅርንጫፍ ይለበለባል። ሁለት ሜትር ቁመት ባላቸው አጣናዎች ላይ ሽቦ ወጥረው እንደ ዳስ ቢያደርጉለት ለበረንዳዎ ጥላ ይሆናል፤ አበቦቹም እጅዎ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሆናሉ። ሐረጉ የሚያብበው በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ከምርት በኋላ የጎን ቅርንጫፎችን ብቻ ያሳጥሩ፤ ዋናውን ግንድ ቅጠል ወደሌለው እንጨት ድረስ አይቁረጡት፤ ሊደርቅብዎ ይችላል።

እህትዎንም አንድ ነገር ይምከሯቸው። ወይን ጠጁ ከአፈር በሚመጣ የማጠውለግ በሽታ ይጠቃል፤ ቢጫው ግን ይቋቋመዋል። ስለዚህ ሲተኩት የወይን ጠጁን ቅርንጫፍ በቢጫው ሥር ላይ ቢያዳቅሉት ዕድሜው ይረዝማል።

ፍሬው ከተቋጠረ በኋላ ለመብሰል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ሲበስል ራሱ ይወድቃልና ከመሬት ይልቀሙት እንጂ አይቅጠፉት፤ ልጣጩ ቢሸበሸብ ተበላሸ ብለው አይጣሉት፤ ያን ጊዜ ይጣፍጣል። ያልበሰለው ፍሬና ቅጠሉ ግን ሲበሉ ሲያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ነገር አላቸው። ስለዚህ ልጆች ጥሬውን እንዳይቀምሱ ይጠብቁ፤ ፍየል ካለዎትም፣ የሰፈራችን ፍየል ገረባ (የጫት ትራፊ) ለምዶ ቢያድግም ለምለም ቅጠል ስለማያልፍ፣ የሐረጉን ታችኛ ክፍል በወንፊት ሽቦ ይከልሉት።