ፋይተሩ «እመታለሁ» ብቻ እያለ ለተሰላቸ ግሩፕ

«ፋይተር የሚጫወተው ልጅ በየተራው እመታለሁ ብሎ ዳይስ ይጥልና ስልኩን ያወጣል፣ ዊዛርዷ ግን ስፔል ስትመርጥ ተራው አይበቃትም፣ ምን ልዩ ችሎታ ልስራለት?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ወሬው ስለ ዲ ኤንድ ዲ አይነት ጨዋታ ነው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም የራሱን ገጸ-ባህሪ ይዞ ዳይስ እየጣለ የሚጫወተው፤ ፋይተር ማለት ተዋጊ፣ ዊዛርድ ደግሞ ስፔል ማለትም አስማት የምትጠቀም ናት። እኔ እዚህ ጅማ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤም (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ሆኜ አጫውታለሁ፣ ይሄ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ዳሜጅ (ምቱ የሚያደርሰውን ጉዳት) አትጨምሪለት። ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚሄደው እዛ ነው ግን ጠላቱ ቶሎ ይሞታል እንጂ ልጁ የሚያስብበት ነገር አሁንም የለውም፣ ተራው ሲደርስ ያው እመታለሁ ነው። ችሎታው ሜዳው ላይ የሆነ ነገር ይቀይር፣ ማን የት ቆመ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ማንን ለመምታት ተገደደ የሚለውን።

የዲ ኤንድ ዲን የ2014 ህግ ከሆነ የምትጫወቱት ባትል ማስተር የሚባለውን የፋይተር አይነት እይው፣ 3ኛ ሌቭል ላይ ባለ 8 ጎን 4 ዳይስ ያገኛል፣ አንዱን እያወጣ ጠላት ይጥላል ያስፈራል መሳሪያ ያስጥላል፣ አጭር እረፍት ሲያደርግ ይመለሱለታል። ጥሩ ነው ግን ዳይሱ ሲያልቅ ልጁ ወደ እመታለሁ ይመለሳል። ለዛ ነው የ2024ቱን ህግ ዌፐን ማስተሪ (ከያዘው መሳሪያ ጋር የሚመጣ ልዩ ችሎታ) የምወደው፣ አያልቅም። ዋርሀመር (የጦር መዶሻ) የያዘ መትቶ 10 ጫማ ወደኋላ ይገፋል፣ በጦር የተወጋ ጠላት ደግሞ ቀጣዩን ምት በዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን በመያዝ) ነው የሚጥለው።

እኛ ጋ የሰራሁትን ላሳይሽ። ካምፔናችን (ቅዳሜ ቅዳሜ የምንቀጥለው ታሪክ) የአባ ጅፋርን ዘመን ጅማ የሚመስል አገር ነው፣ ድንበሩ በቦይና በኬላ የታጠረ። ጋሻና ጦር ለያዘው ልጅ «ኬላ» የሚል ችሎታ ሰጠሁት፤ 10 ጫማ የሚሆን መስመር ይመርጣል፣ እሱ ከቦታው እስካልተነቃነቀ ድረስ መስመሩን ሊያልፍ የሚሞክር ጠላት ወይ እዛው ይቆማል ወይ ጦሩን ቀምሶ ያልፋል፣ ምርጫው የጠላት ነው። ተጨማሪ ዳይስ የለውም፣ በቀን ይሄን ያህል ጊዜ የሚባል ነገርም የለውም፣ ዋጋው ራሱ አለመንቀሳቀሱ ነው። አሁን ልጁ ውጊያ ሳይጀመር «በሩ ስንት ጫማ ይሰፋል?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ ዊዛርዷም እሳቷን የት እንደምትጥል ከሱ ጋር ነው የምትመክረው።

ሁለተኛው ፉከራ ነው። ፎክሮ ጠላትን ወደራሱ ይስባል፣ ዊዝደም ሴቭ (ፉከራውን ለመቋቋም የሚጣል ዳይስ) የወደቀ ጠላት ቀጣይ ተራው ላይ እሱን ነው የሚመታው። ግን የሚፎክረው ዛሬ ጨዋታው ላይ በሰራው ጀብድ ብቻ ነው፣ አንዱን ጀብድ ሁለቴ መጥራት አይቻልም። ስለዚህ የሚፎክርበት ነገር ፍለጋ አደጋ ውስጥ ይገባል፣ ሲደርስበት ደግሞ በኦሮምኛ ገራርሶ ነው ጠረጴዛውን የሚያነቃው!

አንድ በጣም ተጠንቀቂ የምልሽ ነገር አለ። «አይን ላይ አፈር መበተን» ብለሽ ችሎታ አድርገሽ ከጻፍሽው ችሎታው የሌላቸው ሁሉ አፈር መበተን ተከለከሉ ማለት ነው። እኔ ማንም ሰው ተራውን ከፍሎ ይሞክር እላለሁ፣ ፋይተሩ ግን ከምቱ ጋር አብሮ በነፃ ያደርገዋል። ደንጀን ክሮል ክላሲክስ የሚባለው ሌላ ጨዋታ ላይ ይሄን አሪፍ አድርገው ሰርተውታል፣ ተዋጊው ከምቱ ጋር አንድ ተጨማሪ ዳይስ ይጥላል፣ ምቱ ካገኘና ዳይሱ 3 ወይ ከዛ በላይ ካወጣ አስቀድሞ አደርገዋለሁ ያለው ነገር ይሆንለታል፣ መጣልም ይሁን ማሳወር። ዝርዝር መሸምደድ የለም።

«ሰው እንዲህ አይዘልም» የሚል ሰው ግሩፑ ውስጥ ካለ ደግሞ አትስሚው፣ ዘንዶ በሚበርበት አለም ላይ 10ኛ ሌቭል የደረሰ ፋይተር አጥር ቢዘል ምን ችግር አለው።

የልጁን ሌቭልና የያዘውን መሳሪያ ኮመንት ላይ ጻፊልኝ፣ ለሱ የሚሆን አንድ ሁለት ችሎታ አብረን እናወጣለን።