ላሞቻችሁ ሳር የሚያማርጡት ለምንድነው? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ግጦሽ ስለሆኑ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሳቸው።

«ላሞች በጣም የሚወዱት የሳር ዓይነት የቱ ነው? እሱን ልዘራ አስቤ ነው።»

ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ከሳሩ ስም በፊት ዕድሜውን ነው የምጠይቀው። ምርጥ የሚባለው ሮደስ ሳር እንኳን አበባ አውጥቶ አገዳው ከጠነከረ ላሟ ዞር ብላ አታየውም፣ ተራ የሚባለው ሳር ደግሞ ለጋ ሆኖ ቅጠሉ ከበዛ አጎንብሳ ቀና አትልም። ነገሩ ያለው አፏ ላይ ነው። ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፣ ያላት ጠንካራ ድድ ነው፣ ስለዚህ ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ ታስገባና በታች ጥርሷና በድዷ መሃል ይዛ ራሷን ወዝወዝ አድርጋ ትገነጥለዋለች፣ ጠጋ ካላችሁ ድምፁ ራሱ ይሰማል። ይሄንን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ነው የምታደርገው፣ በቀን ደግሞ ለ8 ሰዓት ያህል ትግጣለች፣ እና ጉርሻው ሁሉ አገዳ ሆኖ ቢታገላት መቼ ትጠግባለች? ቅጠል ከሆነ ቶሎ ይገነጠላል ቶሎም ይፈጫል፣ አገዳ ግን ቃጫው ስለሚበዛ ጨጓራ ውስጥ ይከርምና ቦታ ይይዛል። በጣም ያጠረ ሳርም አይሆናትም፣ ምላሷ የምትጠቀልለው ታጣለች፣ እዚህ ላይ በግ ትበልጣታለች።

ሜዳው ሰፍቶ ከብቱ ሲያንስ ደግሞ አንዱን ቦታ ደጋግመው ይግጡታል፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ሁሌ አዲስ ቡቃያ ነው፣ የተተወው ቦታ ደግሞ እያረጀ ስለሚሄድ ጭራሽ ይጠሉታል። ከፋፍላችሁ በየተራ አስግጡ።

«እበቱ ዙሪያ ያለው ሳር ከሁሉም ይበልጥ ለምለም ነው ግን አይነኩትም፣ ምን ነካቸው?»

ምንም አልነካቸውም፣ ሽታው ነው። እዚያ ቦታ የሆድ ትል እጭም ስለሚበዛ መሸሻቸው ይጠቅማቸዋል። ሳሩ ራሱ ችግር የለበትም፣ አጭዳችሁ ከእበቱ አርቃችሁ ብትሰጧቸው ብዙ ጊዜ ይበሉታል። ካልሆነ ለወራት እንደዛው ሊቆም ይችላል።

«አመሻሽ ላይ ለምን እንደዛ ይስገበገባሉ?»

ሳር ቀን ቀን በፀሐይ ስኳር ይሠራል፣ ሌሊት ራሱ ይጠቀምበታል፣ ስለዚህ ጠዋት ላይ ስኳሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ወደ ማታ ግን ይጣፍጣል። ድርቆሽ ላይም ተሞክሯል፣ ያው ሳር ከሰዓት ሲታጨድና ጠዋት ሲታጨድ ከብቶቹ የከሰዓቱን መርጠዋል። ደግሞም ሌሊቱን አብዛኛውን ተኝተው ስለሚያመሰኩ ሆዳቸውን ሞልተው መግባት ይፈልጋሉ።

«ቀለሙን አይተው ነው እንዴ የሚመርጡት?»

ብዙም አይደለም። ሽታው፣ ጣዕሙና አፍ ላይ ያለው ልስላሴ ይበልጣል።

«አዲስ የገዛኋት ጊደር ሌሎቹ የሚበሉትን ሳር እያየች ታልፈዋለች።»

ስለማታውቀው ነው እህቴ። ጥጃ ምን እንደሚበላ ከእናቱ ነው የሚማረው፣ ያላደገበትን ሳር መጀመሪያ ቀመስ አድርጎ ይተወዋል። ከዛ በኋላ ሆዷ ነው የሚወስነው፣ የተስማማትን እየለመደች ትወደዋለች፣ ያመማትን ትሸሻለች። ቶል ፌስኪው የሚባለው ሳር ውስጥ ለምሳሌ ከውጭ የማይታይ ፈንገስ ይኖራል፣ ከብትን የሚጎዳ መርዝ ይሠራል፣ ፈንገስ ያለበትና የሌለበት ጎን ለጎን ሲቀርብላቸው ወደሌለበት ያደላሉ። ጊደሯን ከነባሮቹ ጋር አሰማሯት፣ አይታ ትለምዳለች።

«ማገጥ (ክሎቨር) በጣም ስለሚወዱ ሜዳውን በሙሉ እሱን ብዘራስ?»

መውደዱንስ ይወዱታል፣ ግን እነሱ ራሳቸው እሱን ብቻ አይመርጡም። ማገጥና ሳር ጎን ለጎን ሲሰጣቸው 70 በመቶ ገደማ ማገጥ ቀሪውን ሳር ይበላሉ፣ ጠዋት ማገጡ ላይ ይበረታሉ ወደ ማታ ወደ ሳሩ ያዘነብላሉ። እና ቀላቅሎ መዝራት ይሻላል፣ ማገጥ ብቻውን ሆድ ይነፋል። በባዶ ሆድ፣ በተለይ ጤዛው ሳይረግፍ አታስገቧቸው፣ መጀመሪያ ድርቆሽ ይቅመሱ። ግራ ጎኗ ተነፍቶ ካያችሁ ግን ለእኔ አትጻፉ፣ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።