የቀንድ ወይስ የእንጨት እጀታ?
ወንድሜ፣ በእጅ ለተሠራ የጢም መላጫ ብሩሽ የቀንድ እጀታ ይሻላል ወይስ የእንጨት ላልከው፣ እኔ ብሆን እንጨቱን ነው የምወስደው። ቀንድ ያምራል፣ መልኩም አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ ግን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከቆየ ያብጥና ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንጨቱም በደንብ ቫርኒሽ ካልተቀባ ያው ነው፣ በተለይ ፀጉሩ የተተከለበትን ቀዳዳ ዙሪያ አገላብጠህ እይ፣ ውሃ ሰርጎ የሚገባው በዚያ ነው።

ደግሞ በእጀታው ውበት ብቻ እንዳትሸወድ፣ ፊትህን የሚነካው ፀጉሩ ነው! የአሳማ ፀጉር መጀመሪያ ላይ ይኮሰኩሳል፣ ስትጠቀምበት ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። ባጀር የሚባለው የዱር እንስሳ ፀጉር ውሃ በደንብ ይይዛል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። የፀጉሩ እስር ውፍረት 24 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃሃል። የትኛውንም ግዛ፣ ፀጉሩን እንጂ እጀታውን አትዘፍዝፍ።