«ዘላይ ጭራ» የማይዘል ሲሆን

ጥያቄ፦ ስለ አፈር ሕይወት የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ኮሌምቦላ የሚባሉትን ደቃቅ ፍጥረታት «ዘላይ ጭራ» ብያቸዋለሁ፤ ከእነርሱ መካከል ኦኒኪዩሪዴ የተባለውን ቤተሰብ ደግሞ «ጥፍረ ጭራ» ልለው አስቤያለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ «ዘላይ ጭራ» ለብዙዎቹ ኮሌምቦላዎች ባይከፋም ጭራው ራሱ አይዘልም፤ ከሆዳቸው ሥር ታጥፎ የተያዘው ሹካ መሰል አካል ሲለቀቅ መሬቱን መትቶ እንስሳውን ያስፈነጥረዋል። ስለዚህ እኔ «ተፈናጣሪ» የሚለውን እመርጣለሁ። ችግሩ የሚብሰው ግን ኦኒኪዩሪዴ ላይ ሲደርሱ ነው። እነዚህ ኑሯቸው አፈር ውስጥ የሆነ፣ ዓይን የሌላቸው፣ አብዛኞቹ ነጭ፣ ርዝመታቸውም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ፍጥረታት ሲሆኑ፣ ሹካቸው ወይ ጨርሶ ጠፍቷል ወይ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ጠላት ሲነካቸውም ተፈናጥረው በማምለጥ ፈንታ ቆዳቸው ላይ ካሉ ልዩ ቀዳዳዎች መከላከያ ፈሳሽ ያወጣሉ። እንግዲህ «የማይዘሉ ዘላይ ጭራዎች» ብለው መጻፍዎ ነው፤ አንባቢም ይስቃል።

የቤተሰቡን ስም በትርጉሙ መመለስዎ መልካም ነው። በግሪክኛ «ኦኒክስ» ጥፍር፣ «ኡራ» ጅራት ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ጀርባ ጫፍ ላይ የሚታዩትን ጥፍር መሰል እሾኾች ያመለክታል። ሆኖም የግሪክኛውን የቃል ቅደም ተከተል እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ግሪክኛው «ክሪሶስቶሞስ» ሲል ወርቁን አስቀድሞ አፉን ያስከትላል፤ ግእዙ ግን ገልብጦ «አፈ ወርቅ» ይላል፤ አማርኛም በ«እጀ ወርቅ» እና በ«ልበ ሙሉ» ያንኑ መንገድ ይከተላል። የአካሉ ስም ይቀድማል፣ ገላጩ ይከተላል። በዚህ ሥርዓት «ጥፍረ ጭራ» ያሉት ጥፍሩ ጭራ የሆነ ወይም የጭራ ጥፍር ይሆናል እንጂ ጥፍር ያለበት ጅራት ያለው አይሆንም። «ጭራ» ደግሞ የፈረሱን ፀጉርና የዝንብ መከላከያውን ስለሚያስታውስ፣ በአናባቢ ስለሚያልቅም ለዚህ ዓይነቱ ጥምረት ስለማይመች፣ «ጅራተ ጥፍር» ቢሉ ይሻላል።

«ቤተሰብ» ስሕተት አይደለም፤ በሥነ ሕይወት ጽሑፍ ግን «አስተኔ» የሚል ቃል አለ። «ነፍሳት» የሚለውን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት፤ ኮሌምቦላዎች ስድስት እግር ቢኖራቸውም የአፋቸው ክፍሎች ጭንቅላታቸው ውስጥ የተሸሸጉ በመሆናቸው ዛሬ ብዙ አጥኚዎች ለብቻቸው ይመድቧቸዋል። «ጅራተ ጥፍር» ለአንባቢ አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ «ኦኒኪዩሪዴ» የሚለውን አብረው ይጻፉት፤ ከዚያ በኋላ የአማርኛው ብቻ ይበቃል።