አምስተኛው መስመር

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ቡና ስጠጣ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ። አራት ባለቀለም መስመሮች ይታያሉ፤ አራት የሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ዘዴዎች፣ ማለትም በትርፍ እየተሸለሙ በኪሳራ እየተቀጡ የሚማሩ ፕሮግራሞች፣ የዳው ጆንስን (የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር) 30 አክሲዮኖች ሲያስተዳድሩ። «ፒፒኦ አሸነፈ» አለኝ፣ ከአራቱ አንዱን ማለቱ ነው፤ ማኪያቶውን ረስቶታል።

«የዕጣውን መነሻ ቁጥር ለውጠህ እንደገና አስኪደው» አልኩት፤ ፕሮግራሙ በዘፈቀደ የሚመርጣቸው ነገሮች የሚነሱበት ቁጥር ነው። ሁለተኛ ማኪያቶ እስኪመጣ ፒፒኦ ሦስተኛ ሆነ። ቁጥሩን እየቀያየራችሁ አሥር ጊዜ ሳታስኬዱ ስለ አሸናፊ አታውሩ።

በዘዴዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው። ከአራቱ አንዱ፣ ዲዲፒጂ፣ ያለፈ ልምዱን አከማችቶ ደጋግሞ ይማርበታል፤ ግን ቅንብሩ ትንሽ ሲነካ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ፒፒኦ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይለወጥ ራሱን ይገታል፤ የተማረበትን መረጃ ስለሚጥል ግን ብዙ መረጃ ይፈጃል። ኤስኤሲ አማራጮችን ቶሎ እንዳይዘጋ ለመሞከሩም ይሸለማል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የአክሲዮኖቹ ዝርዝር ነው። ሙከራው እ.ኤ.አ. ከ2010 ይጀምራል፤ ዝርዝሩ የዛሬው ነው፤ የቺፕ ኩባንያው ኤንቪዲያም አለበት። ኤንቪዲያ ዳው ጆንስ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኢንቴልን ተክቶ ነው። በ2010 የተቀመጠ ሰው ያንን ከየት ያውቃል? አራቱም ተማሪዎች የፈተናውን መልስ ይዘው ነው የገቡት።

አልሳቅሁበትም። በወጣትነቴ አንድ ባንክ ውስጥ ስሠራ በወሩ መጨረሻ የሚታወቅ አሃዝ ይዤ የወሩን መጀመሪያ «ተንብዬ» ተጨብጭቦልኛል። ሦስት ወር ሳይሞላ ትንበያዬ ከእውነቱ ጋር ተላለፈ፤ ስብሰባ ላይ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

የደላላ ክፍያም ከትርፉ ላይ አልተቀነሰም ነበር። ክፍያ የማያውቅ ፕሮግራም ሲገዛና ሲሸጥ ይውላል።

አንዳንዶቻችሁ በእኛው ገበያ ላይ እናሠልጥነው ትላላችሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ የዕለት ዋጋው ታሪክ ለእነዚህ በላተኞች ቁርስ አይሆንም። ለጊዜው በሰው አገር መረጃ ተለማመዱ።

ልጁ ትናንት ደወለልኝ። ዝርዝሩን በየዘመኑ አስተካክሎ፣ ክፍያውን ቀንሶ፣ ገንዘቡን ለአክሲዮኖቹ ሁሉ እኩል አካፍሎ ዝም የሚል አምስተኛ መስመር ጨምሯል። «ጋሼ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከላይ ያለው እሱ ነው።»